የተሰፋ ትከሻ እና የሆርሞን መርፌ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ ሦስት ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ጸሐፊዎቻቸው የማይተዋወቁ ቢሆኑም ሦስቱም የሚያነሡት ትከሻቸው በቀዶ ሕክምና ከተጠገነ በኋላ ሆርሞን መውሰድ ይረዳቸው እንደሆነ ስለሆነ አብረን አውጥተናቸዋል። የመጀመሪያው ረጅም በመሆኑ ሐሳቡን ሳናጎድል አሳጥረነዋል።

ጥያቄ፦ የ52 ዓመት ጎልማሳ ስሆን የምኖረው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው፤ መተዳደሪያዬም እርሻ ነው። በግንቦት ወር የቤቴን ክዳን ስጠግን ከመሰላል ወድቄ የቀኝ ትከሻዬ ጅማት ተበጠሰ። ሐምሌ 25 ቀን አዲስ አበባ ተወስጄ በቀዶ ሕክምና ተሰፋልኝ። ይህን ስጽፍ ሰባት ሳምንት ሆኖኛል። የክንድ ማንጠልጠያውን በስድስተኛው ሳምንት ብፈታም እጄን ከደረቴ በላይ ማንሣት አቅቶኛል፤ የክንዴ ሥጋም ሟሽሿል። ውጭ አገር የሚኖር የወንድሜ ልጅ፣ ስፖርተኞች ከጉዳት ቶሎ ለመነሣት የሚወጉት ነው ብሎ ቴስቶስትሮንና የዕድገት ሆርሞን ልላክልዎት ይለኛል። ከዚህ ሌላ ሕመሙ ሲጸናብኝ ከመድኃኒት መሸጫ ዴክሳሜታዞን የሚባል ክኒን ተሰጥቶኝ አምስት ቀን ወስጄ ነበር፤ ቀለል አለኝ፤ ሻጩም ይኸው ራሱ ሆርሞን ነው አለኝ። የገብስ አጨዳ በኅዳር ይደርስብኛል። ሆርሞኑ ለአጨዳው ያደርሰኝ ይሆን?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሆርሞኑ ለአጨዳ አያደርስዎትም። እንዲያውም በዚህ ጊዜ ቢወስዱት የተሰፋውን ሊያስበጥስብዎት ይችላል ብለን እንሰጋለን። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ትከሻዎ ውስጥ የተሠራውን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል።

የክንድን አጥንት ክብ ራስ አቅፈው በቦታው የሚያቆሙ አራት ጡንቻዎች አሉ። ከአራቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ክንድ ወደ ጎን መነሣት ሲጀምር የሚሠራው፣ ከላይ በኩል የሚያልፈው ጡንቻ ጅማት ነው። ቀዶ ሐኪሙ የተበጠሰውን ጫፍ ወደ ነበረበት ስቦ፣ አጥንቱ ውስጥ በተተከሉ ጥቃቅን መያዣዎችና በጠንካራ ክር ያስረዋል። ክሩ ግን ጅማቱን አያድንም፤ ጅማቱ በራሱ ጊዜ ከአጥንቱ ጋር እስኪዋሐድ ድረስ ባለበት ያቆየዋል እንጂ። በጭቃ ግድግዳ ላይ የኮርቻ መስቀያ ተክሎ የሚያውቅ ሰው ይህ ይገባዋል። ጭቃው እርጥብ ሳለ እንጨቱ የጸና ይመስላል፤ ኮርቻውን በዚያው ቀን ቢሰቅሉበት ግን ግድግዳውን ገምሶት ይወርዳል።

የጅማቱ መድረቂያ ጊዜ ይታወቃል። በመጀመሪያው ሳምንት አካባቢው ያብጣል፤ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ ለስላሳና ደካማ የሆነ አዲስ ክር ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ይህ ክር ለወራት እየጠበቀና እየተደራጀ ይሄዳል። ስለዚህ ነው ሐኪሞች ማንጠልጠያውን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚያስደርጉት፣ የማጠናከሪያ እንቅስቃሴንም ብዙ ጊዜ እስከ ሦስተኛው ወር የሚያቆዩት፣ ለከባድ ሥራ ደግሞ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት የሚቀጥሩት። በሰባተኛው ሳምንት እጅዎን ከደረትዎ በላይ አለማንሣትዎ፣ ክንድዎም መሟሸሹ ከዚህ ውጭ አይደለም፤ ክንድ ስድስት ሳምንት ታስሮ ከዋለ መሟሸሹ አይቀርም።

አሁን ወደ ቴስቶስትሮን እንምጣ። ይህ ሆርሞን በግልጽ የሚሠራው ጡንቻ ላይ ነው። ጡንቻ ደም በብዛት የሚደርሰው ስለሆነ በሳምንታት ውስጥ ይወፍራል፤ ጅማት ግን የሚያገኘው ደም ጥቂት በመሆኑ የሚጠነክረው በወራት ነው። በሰባተኛው ሳምንት ጡንቻውን በመርፌ ማጎልበት ኮርቻውን ያከብደዋል እንጂ ግድግዳውን አያደርቀውም። ከዚህም የሚከፋው ሰውየው ብርታት ስለሚሰማው ገና ያልተፈቀደለትን ዕቃ ማንሣቱ ነው። በጉልበት ጅማት ቀዶ ሕክምና ዙሪያ በጥቂት ወንዶች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ቴስቶስትሮን የተሰጣቸው ሰዎች የሥጋቸው ክብደት ጨምሯል፤ የጉልበታቸው አገልግሎት ግን ካልወሰዱት ጎልቶ አልተለየም። የዕድገት ሆርሞንም በትከሻ ጅማት ጥገና ላይ ተሞክሮ ጅማቱ ዳግም እንዳይበጠስ በሚያስተማምን መጠን የሚረዳ ሆኖ አልተገኘም፤ በአንጻሩ እብጠትን፣ የመገጣጠሚያ ሕመምን፣ የእጅ መደንዘዝንና የደም ስኳር መጨመርን ሊያስከትል እንደሚችል በሚገባ ይታወቃል። ሌላም ጥናት ላይ ያለ መድኃኒት አለ፤ ከ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ለአጥንት መሳሳት የሚሰጠው ቴሪፓራታይድ ነው። ጅማትና አጥንት የሚገናኙበትን ቦታ ያጠነክር እንደሆነ በእንስሳትና በጥቂት ሰዎች ላይ ታይቶ ተስፋ ሰጥቷል፤ ነገር ግን ትከሻ ለተሰፋለት ሁሉ የሚታዘዝ መድኃኒት አልሆነም።

ሆርሞን ከትከሻ ጋር አይገናኝም ለማለት ግን አይደለም። በእኛ አመለካከት ጥያቄው መነሣት ያለበት ከሌላ ወገን ነው፤ ይኸውም ሰውነትዎ ውስጥ የጎደለ ነገር አለ ወይ የሚል ነው። ቴስቶስትሮናቸው ያነሰ ወንዶች የትከሻ ጅማታቸው የመበጠስ፣ ከተሰፋም በኋላ ለሁለተኛ ቀዶ ሕክምና የመመለስ ዕድላቸው ከሌሎች ከፍ ያለ መሆኑን የብዙ ሕመምተኞችን መዝገብ ያነጻጸሩ ጥናቶች አመልክተዋል። ጉድለቱን መሙላት ጅማቱን ያድናል ወይ የሚለው ግን በዚህ ብቻ አይረጋገጥም፤ ለጎደለው ሰው የሚሰጠው ሕክምናም ለማይጎድለው ሰው አይሆንም። መጉደሉ የሚታወቀው በምልክትና በደም ምርመራ ነው፤ ደሙ በማለዳ፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት ተወስዶ ሁለቱም ጊዜ በዴሲሊትር ከ300 ናኖግራም በታች ሲሆን ነው ብዙ ሐኪሞች ጉድለት የሚሉት። ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣትና የምግብ ማነስ ልኩን ለጊዜው ስለሚያወርዱት በቀዶ ሕክምና ማግስት የተለካ ቁጥር ያሳስታል። በእርስዎ ዕድሜ ደግሞ ቴስቶስትሮን ከመጀመሩ በፊት የፕሮስቴት ምርመራና የቀይ ደም ሴል መጠን መታየት አለበት፤ መድኃኒቱ ደምን ያወፍራል፣ ከመጠን ሲያልፍም ለደም መርጋት ያጋልጣል።

ስለ ዴክሳሜታዞን ሻጩ የነገረዎት ግማሹ እውነት ነው። ስቴሮይድ በሚለው አንድ ስም ሥር ሁለት ቤተሰብ አለ። አንደኛው የቴስቶስትሮን ወገን ሲሆን ሥጋን ይገነባል። ሁለተኛው የኮርቲዞል ወገን ነው፤ ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ከዚህ ናቸው፤ እነዚህ እብጠትንና ሕመምን በፍጥነት ያበርዳሉ፣ ነገር ግን ቁስል መዳኑን ያዘገያሉ፣ ስኳር ይጨምራሉ፣ ለመመርቀዝም ያጋልጣሉ። የዚህ ወገን መድኃኒት በ1948 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለመጀመሪያ ጊዜ ለመገጣጠሚያ ሕመምተኛ ሲሰጥ አልጋ ይዛ የነበረችውን ሴት አስነሥቶ ዓለምን አስደነቀ፤ ፊሊፕ ሄንችና ባልደረቦቹም በ1950 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉበት፤ ጉዳቱ እየተገለጠ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እርስዎም ቀለል ያለልዎ ጅማቱ ስለጠና አይደለም፤ እብጠቱ ስለበረደ ነው። አምስት ቀን ብቻ ወስደው ካቆሙ ብዙውን ጊዜ የሚያሰጋ ነገር የለም፤ ሳምንታት የወሰደ ሰው ግን በድንገት ማቆም የለበትም፣ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ ሥራውን አቁሞ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ቀስ በቀስ ያስቀንሰዋል። ሁለተኛ እንዳይገዙት፤ መውሰድዎንም ለቀዶ ሐኪምዎ ይንገሩ።

በእጅዎ ያለው ነገር ከመርፌው ይበልጣል ብለን እናምናለን። ቀዶ ሕክምናው ሐምሌ 25 ከሆነ ቁስልዎ ሳምንት ሳይሞላው ፍልሰታ ገብቷል፤ ጾመውም ከሆነ ሰውነትዎ አዲስ ክር ይሠራ በነበረበት በዋናው ጊዜ የሚያገኘው ፕሮቲን ሳያንሰው አልቀረም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ72 እስከ 90 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል፣ 100 ግራም ደረቅ ባቄላ ወይም ምስር ደግሞ ከ20 ግራም በላይ ይሰጣል። ስለዚህ በጾም ቀን ቀጠን ያለ ሽሮ ብቻውን አይበቃም፤ ንፍሮው፣ ምስሩ፣ የባቄላው እሸትና በሶው መደራረብ አለባቸው። በቀሩት ወራት ስላለው ጾም የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ለሕመምተኛ የሚደረግ ፈቃድ በቤተ ክርስቲያን እንግዳ ነገር አይደለም። ቫይታሚን ዲም ስሙ ቫይታሚን ይሁን እንጂ በሰውነት ውስጥ እንደ ሆርሞን የሚሠራ ነው፤ ቆዳ በፀሐይ ነው የሚያዘጋጀው፣ እኛ ደጋዎች ግን ፀሐዩ እያለልን በብርዱ ምክንያት በካፖርትና በጋቢ ተሸፍነን እንውላለን። ቢለካልዎና በሚሊ ሊትር ከ20 ናኖግራም በታች ሆኖ ቢገኝ ሐኪሙ ይሞላልዎታል። የደም ስኳርዎንም ይለኩ፤ ያልተያዘ ስኳር ለጅማት ጥገና ጠላት ነው። ሲጋራም እንደዚሁ።

ስለ ጋቢ ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር፤ በሥራችን ላይ ደጋግመን ያየነው ነው። ክንዱን ለስድስት ሳምንት በትዕግሥት አስሮ የቆየ ሰው ማንጠልጠያውን በፈታ ማግስት ጠዋት ከቤት ሲወጣ፣ ሳያስበው የጋቢውን ጫፍ ይዞ በተሰፋው እጁ ወደ ትከሻው ይወረውራል። ክንድን ወደ ጎን አንሥቶ፣ ወደ ኋላ አዙሮ፣ በድንገት መወርወር ማለት አዲሱን ጅማት በሚጎዳው አቅጣጫ ሁሉ በአንድ ጊዜ መሳብ ነው። እስከ ሦስተኛው ወር ድረስ ጋቢውን ሌላ ሰው ያልብስዎት፤ ወይም ተቀምጠው በግራ እጅዎ ብቻ ይደርቡት። እጅጌ ያለው ልብስ ሲለብሱ የታመመው እጅ አስቀድሞ ይግባ፣ ሲያወልቁ በመጨረሻ ይውጣ። ሌሊት ጠፍጣፋ ላይ ተጋድሞ መተኛት ሕመሙን ስለሚያብሰው መደቡ ላይ ትራስ ደራርበው ከወገብ በላይ ቀና ብለው ቢተኙ ይሻላል።

ፊዚዮቴራፒስትዎ ከፈቀደ ከአሁን ጀምሮ ፊት ለፊት ግድግዳ ይዘው ጣቶችዎን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ያስኪዱ፤ የደረሱበትን በየቅዳሜው በከሰል ጭረት ምልክት ያድርጉበት። ጭረቶቹ በየሳምንቱ ጥቂት ጣት እየወጡ ከሄዱ ነገሩ በመንገዱ ላይ ነው። ለሁለት ሦስት ሳምንት ባለበት ከቆመ፣ ወይም ቀድሞ የተነሣ የነበረ እጅ በድንገት ከወረደ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ። ወጌሻ እንዲያሸው ግን አይፍቀዱ። ለወጌሾች ክብር አለን፤ ይሁንና በክር የተያዘ ጅማት በእጅ ዳሰሳ አይለይም፣ ሲታሽም ሊላቀቅ ይችላል።

ስለ አጨዳው፦ ኅዳር መጨረሻ ላይ አራተኛ ወርዎን ይሞላሉ። ሐኪምዎ አይቶ ከፈቀደ፣ ክርንዎን ከጎንዎ ሳያርቁ ለአጭር ጊዜ ማጭድ መያዝ ሊቻል ይችላል። ነዶ መሸከም፣ ክምር መከመርና በመንሽ ወደ ላይ መበተን ግን ለዘንድሮ የእርስዎ ሥራ አይደሉም። ደቦ ይጥሩ።

ጥያቄ፦ የ49 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። ትከሻዬ ከተሰፋ አምስት ወር ሆነ። ጅማቱ ይዟል ብለውኛል፤ ነገር ግን ትከሻዬ ደርቆ እጄ ወደ ኋላ አይዞርም፣ መቀነቴን እንኳ ራሴ ማሰር አልቻልሁም። የወር አበባዬ ካቆመ ዓመት ሆኖታል፤ ከልጅነቴም ጀምሮ እንቅርት አለብኝ። ጎረቤቶቼ የሴት ሆርሞን ጎድሎሽ ነው፣ እሱን ውሰጂ ይሉኛል።

መልስ፦ እኅታችን፣ ጎረቤቶችዎ ሆርሞን መጠርጠራቸው ጥሩ ነው፤ የጠረጠሩት ሆርሞን ግን የመጀመሪያው ተጠርጣሪ አይደለም። የትከሻ መድረቅ ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሴቶች ላይ እንደሚበዛ የታወቀ ነው፤ ለትከሻ ብቻ ተብሎ ግን ኤስትሮጅን አይሰጥም፣ ጡትንና የደም መርጋትን የሚመለከት የራሱ ሥጋት ስላለው የሚታዘዘው በሌላ ምክንያት ተመዝኖ ነው። እኛን ያሳሰበን እንቅርትዎ ነው። በደጋው አገር አፈሩ ለዘመናት በዝናብ እየታጠበ አዮዲኑ ስለሚሄድ እንቅርት ይበዛል፤ እንቅርት ያለበት ሰው ደግሞ የታይሮይድ ሆርሞኑ ትክክለኛ፣ የበዛ ወይም ያነሰ ሊሆን ይችላል። የታይሮይድ ሕመምና የስኳር ሕመም ሁለቱም ከትከሻ መድረቅ ጋር ይያያዛሉ። ድካም፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መሻከርና ብርድ አለመቻል የማነስ ምልክቶች ናቸው፤ ብርዱን እንኳ መንዝ ላይ ተቀምጦ ከሕመም መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ምርመራው ይለየው፦ ቲኤስኤች የሚባለውን የደም ምርመራና ሳይበሉ በጠዋት የሚለካውን ስኳር ያሠሩ።

ታይሮይድዎ ያነሰ ሆኖ ሌቮታይሮክሲን ከታዘዘልዎ ክኒኑን በባዶ ሆድ በውኃ ይዋጡት፤ ቡናም ሆነ ቁርስ ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሁን። ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያውከዋል፤ ክኒኑን በአቦል ቡና አወራርደው ለወራት የወሰዱና ለውጥ ያላዩ ሰዎች ገጥመውናል። የካልሲየም ክኒን ካለዎትም በአራት ሰዓት ያራርቁት። ለቤተሰቡም አዮዲን ያለበትን ጨው ይግዙ፤ ዕቃው ተከድኖ ይቀመጥ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር።

ትከሻው ራሱ በረጋ የማሳሳብ እንቅስቃሴ በወራት ይፈታል። አምስት ወር ስለሞላዎት ሐኪሙ የኮርቲዞን መርፌ መገጣጠሚያው ውስጥ ሊሰጥዎ ይችል ይሆናል። ለመጀመሪያው ጠያቂያችን ያልመከርነው የመድኃኒት ወገን ለእርስዎ ሊጠቅም የሚችለው ጅማትዎ ስለያዘና ያስቸገረው መድረቁ ስለሆነ ነው፤ ውሳኔው ግን ትከሻዎን የከፈተው ሐኪም ነው።

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ፣ ከሸዋ ሮቢት። ትከሻዬ በተደጋጋሚ እየወለቀ ስላስቸገረኝ ከሦስት ወር በፊት በቀዶ ሕክምና ተጠገነልኝ። ጂም አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አንድ ብልቃጥ ቴስቶስትሮንና አንድ ብልቃጥ የዕድገት ሆርሞን ሸጦልኛል፤ የመጀመሪያውን አንድ ጊዜ ተወግቻለሁ። ልቀጥል?

መልስ፦ አትቀጥል። በ24 ዓመት ጤነኛ ወንድ ሰውነቱ ራሱ ቴስቶስትሮን ያመርታል፤ ከውጭ ሲጨመርለት የራሱን ምርት ያቆማል፣ የዘር ፍሬም ይቀንሳል፤ ከተቋረጠ በኋላም ለመመለስ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። አንድ ቀን ውድድር የመግባት ሐሳብ ካለህ ሁለቱም በዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች መድኃኒቶች ኤጀንሲ የተከለከሉ ናቸው። የዕድገት ሆርሞኑማ ምናልባት መድኃኒትነቱም አልቆ ይሆናል፦ ፕሮቲን ስለሆነ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ በሻንጣ መጥቶ፣ በሸዋ ሮቢት ሙቀት በኪስ ሲዞር የከረመ ብልቃጥ ውስጥ ምን እንደቀረ ማንም አያውቅም። መርፌውን ከሌላ ሰው ጋር ተጋርተህ ከነበረ የሄፓታይተስ ቢ እና የኤችአይቪ ምርመራ አድርግ፤ የተወጋህበት ቦታ ከቀላ፣ ከሞቀ ወይም ካበጠ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂድ። ብልቃጦቹን ግን አትጣላቸው፤ የተወጋህበትን ቀንና መጠን ወረቀት ላይ ጽፈህ ከነስያሜያቸው ለቀጠሮህ ይዘሃቸው ሂድ። ሐኪሙ ተቆጥቶ እንዳይመልስህ ፈርተህ ከሆነ፣ የሚያስቆጣው ብልቃጡን ማየቱ ሳይሆን ሳያውቅ ክብደት እንድታነሣ መፍቀዱ ነው።